የመርዶ ተራ

መርዶ አርጂዎቹ የመጡት አርብ ጠዋት፣ ፀሐይ የጦሳን ተራራ ጫፍ ነክታ ገና ወደ ደሴ ከተማ ሳትወርድ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ሕጉም ሦስት ነው የሚለው። አንዱ ተናጋሪ፣ አንዷ የመድኃኒት ቦርሳ ያነገተች ነርስ፣ ሦስተኛው ያዥ። ያዥ ማለት ሰው መርዶ ሰምቶ ራሱን መሬት ላይ ሲፈጠፍጥ ከወገቡ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ክንደ ብርቱዎች ናቸው። ቃል መተንፈስ አይፈቀድላቸውም።

ብሌን በሩን ከፍታ ሦስቱን ተሰልፈው ስታይ መቃኑን ጨብጣ ያዘች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር፤ በማለዳ ሦስት ሰው ደጃፏ ላይ ቆሞ ማየት። ውሻ ሲጮህ ትባንናለች፤ በር ሲንኳኳ ደረቷን ትይዛለች፤ የልጅ ልጇ ኤልዳና ከሥራ ሩብ ሰዓት ከዘገየች ጫማዋን አድርጋ መንገድ ላይ ነች።

«ልጄ ነው?» አለች።

ተናጋሪው አቶ ኪሩቤል የሚባል፣ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው። ነርሷን አየት አደረገና፣

«እንግባ፣ እማማ ብሌን። መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ» አላት።

«አልቀመጥም! ያፌት ነው? እባክህ በእናትህ አምላክ፣ ያፌት ነው?»

«ጋሽ ሱራፌል ናቸው» አለ ቶሎ። «የሬዲዮኑ ጋሽ ሱራፌል አርፈዋል።»

ብሌን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ያዡ ደረሰባት። ለጊዜው አላለቀሰችም። መጀመሪያ የመጣላት እንባ ሳይሆን ምስጋና ነበር፤ «ተመስገን፣ ልጄ አይደለም» አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ በሰው ሞት ያመሰገነ ልቧን ረገመችው፤ ከዚያ በኋላ ነው እንባው የወረደው።

እንዴት አይወርድ? ጋሽ ሱራፌል እኮ ዘመዷ ነበር ማለት ይቻላል። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ «ደጅ ይከፈት!» ብሎ ይጀምራል፤ የገበያውን፣ የዝናቡን፣ የጎረቤት ጠቡን ያወራል፤ ይቀልዳል፤ ይቆጣል። ብሌን ገንፎዋን እያማሰለች ትከራከረዋለች። ትናንት እንኳ «ዛሬ ነፋስ አለ፣ እናቶች፣ ጋቢ ደርቡ» ብሎ ነበር። ደርባለች።

«መቼ? ሌሊቱን ነው?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆናቸው» አለ አቶ ኪሩቤል።

ብሌን ቀና ብላ አየችው። ነርሷ የብሌን እጅ ላይ ያለውን የልብ ምት ቆጣሪ አንባር እያነበበች ነበር።

«ምን?»

«በጥቅምት፣ በሁለት ሺህ ስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው ያረፉት። እዚሁ ደሴ ነው የተቀበሩት፤ ኑዛዜያቸው ስለነበር።»

«ትናንት ጋቢ ደርቡ አለኝ እኮ!»

«አዎ፣ እማማ። ተራዎ እስኪደርስ ነው። አሁን ልብዎ በርትቷል፤ ተራዎ ደረሰ።»

ሕጉን ታውቀዋለች። የማያውቀው የለም። በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አንድ ተወዳጅ ሯጭ በመኪና አደጋ ሲሞት ወሬው እኩለ ቀን ላይ በሁሉም ሰው እጅ በአንድ ደቂቃ ገባ፤ ከመተማ እስከ ሞያሌ ስልሳ አንድ ልብ ቆመ፤ ስንት አውቶቡስ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ሀገር የሚወደው ሰው ሲሞት መርዶው በተራ ሆነ። ጠንካራው ቀድሞ ይረዳል፤ ልበ ደካማው ይቆያል። ያልተረዳ ሰው ሟቹን በሬዲዮም፣ ምስልና ድምፅ በሚያመጣው የቤቱ ግድግዳም፣ በማሽን ተመስሎ እንደ ወትሮው ያገኘዋል። ሳይላክ ያረዳ ሰው ሰባት ዓመት ይታሰራል። ብሌን ሕጉ ሲወጣ «እሰይ፣ ደግ አደረጉ» ካሉት አንዷ ነበረች። ሁሉም ሰው ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ራሱን ከተረዱት ወገን ይቆጥር ነበር።

«ሌላስ?» አለች። «ሌላ የምትነግሩኝ አለ?»

አቶ ኪሩቤል ባርኔጣውን አዟዟረ።

«ለዛሬ ይኸው ነው፣ እማማ።»

ኤልዳና ከመኝታ ቤት ወጥታ አያቷን ከኋላ አቅፋ ይዛ ነበር። የያፌት ልጅ ነች፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የውሃ ልማት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። የእናትነቱንም የልጅነቱንም ቦታ ይዛ ብሌንን የምታኖር እሷ ነች። በየማለዳው ከብሌን ጎን ተቀምጣ፣ ጋሽ ሱራፌል ሲቀልድ አብራ ስትስቅ የኖረች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለቻት ብሌን።

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ትስቂም ነበር!»

«ቀልዱ ያስቃል እኮ» አለች ኤልዳና።

በሕጉ መሠረት የተረዱ ጎረቤቶች ለአዲስ ተረጂ ድጋሚ ያለቅሳሉ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ሞላ። እትዬ ሶስና፣ የፊት ለፊቷ ጎረቤት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ገባች፤ ጋሽ ሱራፌልን ስታለቅሰው ይህ አሥራ አራተኛዋ ነው። ሞያ ሆኖላታል። የት ላይ ድምፅ ከፍ እንደሚል፣ የት ላይ ደረት እንደሚመታ ታውቃለች፤ ስትጨርስ እንባዋን ጠርጋ፣

«ብሌንዬ፣ አንቺስ ተራሽ ደረሰ። አባባ ጀማል ታች ሰፈር አሁንም በየማለዳው ጋሽ ሱራፌልን ሰላም ይሉታል» አለቻት።

እትዬ ሀያት ግን እንዲያ አይደለችም። ሀያት የብሌን የፋብሪካ ጓደኛ ነች፤ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ቆርጠዋል። ገብታ ብሌን አንገት ላይ ተጠመጠመችና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ባለለቅሶዋ ብሌን ሆና ሳለ አጽናኟም ብሌን ሆነች።

«አንቺ ሀያት፣ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሐዘን አይደል እንዴ? ምነው?»

«ዛሬ ገና ነው የወጣልኝ» አለች ሀያት። «ተይኝ፣ ላልቅስበት። ስንት ዓመት አፍኜው!»

ብሌን ግራ ገባት። ሀያት ሬዲዮ የምትወድ ሴት አልነበረችም።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ አርጂዎቹን የሚልከው ቢሮ የጋሽ ሱራፌልን ቀብር ከፈተላት። ተረጂ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቀብር ሳያይ እርሙን አያወጣም ይባላል፤ ስለዚህ የያኔው ቀብር ግድግዳው ላይ ይመጣለታል። ኤልዳና ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ብሌን ወንበሯን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጋ፣ መነጽሯን ወልውላ ተቀመጠች።

ሕዝቡ ጉድ ነው። ከፒያሳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መፈናፈኛ የለም። ካህናቱም ሼኮቹም ፊት ለፊት ናቸው። አንድ ሹም ንግግር ያደርጋል፤ አልፎ አልፎ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን የለም፤ ቆየት ብሎ ይመለሳል። «ጋሽ ሱራፌል፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛውን...» ይልና አፉ ብቻ። ብሌን ያረጀ ቅጂ መሰላት። ሰዎች በአንገታቸው ፎቶ አንጠልጥለዋል፤ አንዳንዱ ፎቶ የጋሽ ሱራፌል ነው፤ አንዳንዱ ጭጋግ የገባበት ይመስል ደብዝዟል።

ከዚያ ኤልዳናን አየቻት።

በሴቶቹ መካከል፣ ሀያት ደግፋት ቆማለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ጥቁር ለብሳለች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ራሷ ታየ። ራሷ ተላጭቷል። እንደ እንቁላል።

ብሌን ጣቷን አንስታ ምስሉን አስቆመችው።

በዚህ ሀገር ሴት ልጅ ፀጉሯን የምትላጨው ለአራት ሰው ነው፤ ለእናቷ፣ ለአባቷ፣ ለባሏ፣ ለልጇ። ለሬዲዮ ሰው የሚላጭ የለም፤ የፈለገ ቢወደድ። ቀብሩን ያጸዱት ሰዎች፣ ስም የጠራውን አፍ ሁሉ ዘግተው፣ ፎቶውን ሁሉ አደብዝዘው፣ የአንዲት ልጅ ራስ ምን እንደሚናገር አላሰቡትም። ምናልባት ማሽን ይሆናል ያጸዳው። ማሽን ራስ ተላጨ አልተላጨ ምን ቸገረው?

ብሌን ያንን ዓመት አስታወሰችው። ያኔ እሷ ደሴ አልነበረችም፤ ልቧ ታሞ አዲስ አበባ አራት ወር ተኝታለች። ስትመለስ የኤልዳና ፀጉር የጣት ጫፍ ያክል ነበር። «ምነው ልጄ?» ብትላት «ቀለም ተቀብቼ አቃጠለኝ፣ እማማ» አለቻት። ብሌን ተቆጣች፤ «ይኼን መርዝ ማን ቀቢ አለሽ!» አለች። የጉሎ ዘይት አፈላልጋ፣ በየማታው የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ አሸችላት፤ እስከ ፋሲካ። ኤልዳና ሲታሽላት ዝም ብላ ታለቅስ ነበር። ብሌን የራስ ቅሏ ያመማት መስሏት፣ እጇን ታለሰልስ ነበር።

እናቷ እንደሆነች ኤልዳና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው የሞተችው። ባል የላትም። ልጅ የላትም።

ብሌን ሌላ ምክንያት ፈለገች። ቅማል ይሆናል። ስለት ይሆናል። የዚያን ዓመት ፋሽን ይሆናል፤ የወጣት ነገር ይታወቃል? አንባሯ ንዝር፣ ንዝር አለ። «እማማ ብሌን፣ ረጋ ይበሉ» አላት በለሆሳስ። ምስሉን አጠፋችና ወደ ግቢ ወጣች።

ኤልዳና አንሶላ እየጨመቀች ነበር።

«ልጄ፣ ያኔ ፀጉርሽ...»

ኤልዳና እጇ አንሶላው ላይ ቀረ።

«ያኔ መቼ?»

«እኔ ሆስፒታል የነበርኩ ጊዜ። ምን ሆነሽ ነበር የተላጨሽው?»

«ቀለም... ቀለም አቃጥሎኝ። ነግሬሽ የለ?» አለች። ፊቷ ግን አመድ መሰለ፤ በእርጥብ እጇ የገዛ አንባሯን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ሸፈነችው። አንባሩ በጣቶቿ መካከል ቢጫ አበራ። ይሰማል። ሰው የሚናገረውን ሁሉ፣ ሁልጊዜ ይሰማል።

ብሌን የልጅቷን ዓይን አየች። እንዲህ ያለ ፍርሃት አይታ አታውቅም። ለራሷ የምትፈራ ዓይን አልነበረም፤ የብሌንን ልብ የምትጠብቅ፣ ሊወድቅ ያለ ዕቃ በሁለት እጇ የያዘች ሰው ዓይን ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ይዛዋለች።

«ተይው» አለች ብሌን። «ምንም አልጠየቅሁሽም። እንዲያው አርጅቼ ነው። አንሶላውን አጥብቀሽ ጭመቂው፤ ውሃ ያንጠባጥባል።»



እሑድ ጠዋት ብሌን ቤተ ክርስቲያን ሳለች ኤልዳናን ጥላ ወጣች። «ሆዴን ቆረጠኝ፣ አንቺ አስቀድሺ» ብላ ነበር። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። ወደ ሆጤ የሚወስደውን ዋናውን መንገድ ያዘች።

ያ መንገድ ለዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ በሥራ ላይ ነው፤ ልጅቷ ከተላጨች ጀምሮ መሆኑ የታያት ሌሊቱን ነው። ኤልዳና እንዲህ ትላታለች፤ ሶስና ትላታለች፤ የታክሲው ረዳት ሁሉ «በዚያ አይኬድም፣ እማማ፣ ቆፍረውታል» ይላታል፤ በኋላ በር ዞረው ነው የሚያደርሷት። ብሌን አንድም ቀን አልተጠራጠረችም። መንገድ ዘጠኝ ዓመት ቢቆፈር ማን ይገርመዋል? «በመርፌ ነው እንዴ የሚሠሩት?» ትል ነበር፤ ሁሉም ይስቅላት ነበር።

መንገዱ አልተቆፈረም። አስፋልቱ አርጅቶ መልሶ ተጠግኗል፤ ዳርና ዳር የተተከሉት ጽዶች ከሰው ቁመት አልፈዋል። መጨረሻው ላይ ክብ አደባባይ አለ። መሐሉ ላይ ከነሐስ የተሠራ ሰው ቆሟል።

ከሩቅ አወቀችው። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከኮክ ዛፍ ወድቆ ነው። ወጌሻው እያሸው «እማዬ፣ አታልቅሺ፣ አያመኝም» ያለው ትከሻ ነው። የፓይለት ቆቡን በብብቱ ይዞ ወደ ሰማይ ያያል።

ከእግሩ ሥር እንዲህ ይላል፤ «ካፒቴን ያፌት አሰግድ። 2020–2062 ዓ.ም.። ከአዋሽ ጎርፍ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስ አወጣ። አራት መቶ አሥራ ሦስተኛውን ሊያወጣ ተመልሶ ገባ።»

ብሌን ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ልታነብ ብላ ፊደሎቹ ተደባለቁባት።

ያፌት እኮ ከጎርፉ በደህና ወጥቶ ማዳጋስካር ነው ያለው። የበረራ ትምህርት ቤት ያስተምራል። በየእሑዱ አራት ሰዓት ላይ ይደውላል። ዘንድሮ ማዕበል አለ፣ ለዓመት በዓል አልመጣም ይላል፤ አምና ወረርሽኝ ነበር፤ ካቻምና ምን ነበር? እሷ ደግሞ «ቁርስህን በላህ?» ትለዋለች፤ «በላሁ፣ እማዬ» ይላታል። ያለፈው እሑድ ሳል ነበረበት። ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ ብላዋለች። ሙሉ ሳምንት ስለ ሳሉ ስታስብ ነው የሰነበተችው።

ዘወር ስትል መንገዱ ቆሟል። አውቶቡሱ ሞተሩን አጥፍቷል። ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ መሬት መሬት ያያል። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀዋል፤ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ሁሉም ያውቋታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በታክሲ ወንበር የሚለቁላት፣ ዳቦ ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚያጎነብስላት፣ የማታውቃቸው ሴቶች መንገድ ላይ አቁመው የሚስሟት፤ የጀግና እናት ስለሆነች መስሏት ትኮራ ነበር። ነገሩስ እውነት ነው፤ የጀግና እናት ስለሆነች ነው። ሀገር ሁሉ ልጇን አልቅሶ፣ እርሙን አውጥቶ፣ ሐውልት አቁሞ፣ ጽድ ተክሎ፣ ጽዱ አድጎ ነበር። እሷ ለሳሉ ዝንጅብል ታዛለች።

ከሐውልቱ ሥር አበባ የምትሸጥ ወጣት ሴት ነበረች፤ አለባበሷ ጎርፉ ከመታው ከአዋሽ ዳር፣ ከአፋር መሆኗን ይናገራል። አበባዋን ጣለችና መጥታ የብሌንን ጉልበት ሳመች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ብሌን ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዷ መሆኗን ማንም ሳይነግራት ገባት። እጇን የልጅቷ ራስ ላይ ጫነች። ሙቅ ነበር።

አንባሯ አሁን ይጮሃል። «እማማ ብሌን፣ ቁጭ ይበሉ። ማን ምን ነገርዎት? እማማ ብሌን፣ የነገረዎትን ሰው ስም...»

ያን ጊዜ ኤልዳናና እስሩ ትዝ አሏት። ሰባት ዓመት። ግቢ ውስጥ ስለ ፀጉሯ የጠየቀቻት ጥያቄ እዚያ ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ብሌን አንባሯን ወደ አፏ አስጠግታ፣ የቆመው ሕዝብ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች፤

«ማንም አልነገረኝም! ሰምታችኋል? ልጄ አልነገረችኝም፣ ጎረቤት አልነገረኝም። በገዛ እግሬ መጥቼ፣ በገዛ ዓይኔ አይቼ ነው። ምስክሮቼ እነዚህ ሁሉ ናቸው።»

አንባሩ ዝም አለ።

ቤቷ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ከመሳቢያ ውስጥ የፋብሪካውን ትልቅ መቀስ አወጣች፤ ጡረታ ስትወጣ ሀያት ደብቃ ያወጣችላትን። ሻሿን ፈታች። ሽበቷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ጨርቅ እንደምትቆርጥ፣ ከሥሩ ቆረጠችው። ኤልዳና እየሮጠች ገብታ በሩ ላይ ስትደርስ፣ አያቷን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ዙሪያዋን ተበትኖ አገኘቻት።

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምንም አትበይ» አለቻት ብሌን። «ቃል እንዳይወጣሽ። ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ያኔ ብቻሽን ነው ያለቀስሽው፤ ጭኔ ላይ ተኝተሽ። እኔ ደግሞ ዘይት እቀባሻለሁ!» ከዚያ ደረቷን መታች። «ያፌት! ያፌትዬ! የኔ አባት!»

የመጀመሪያዋ ጩኸት ከግቢው ሳትወጣ ሀያት ደርሳ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ በራፍ ላይ የቆመች ይመስል። ሶስና ተከተለች፤ አሥራ አራት ጊዜ የሠለጠነችበትን ለቅሶ ሁሉ ረስታ፣ ነጠላዋን መዘቅዘቅ እንኳ ረስታ፣ አፏን ከፍታ እንደ ልጅ ጮኸች። ከዚያ ሰፈሩ ገባ። ዘጠኝ ዓመት በዚች ሴት ፊት ሲስቁ፣ «ያፌት እንዴት ነው?» ሲሉ፣ «ሰላም በይልን» ሲሉ የኖሩ ሰዎች አንድ ላይ ተለቀቁ። ሕጉ ማርዳትን እንጂ ማልቀስን አይከለክልም። አባባ ጀማል ከታች ሰፈር በከዘራ እየተደገፉ መጡና «ማን ነው? ማን ነው?» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም፤ እሳቸው አልተረዱም።

አርጂዎቹ እያለከለኩ ገቡ። አቶ ኪሩቤል ባርኔጣው ጠፍቶታል።

«እማማ፣ ለግንቦት ነበር የተያዘልዎት» አለ። «ቀስ አድርገን፣ ከጋሽ ሱራፌል ጀምረን...»

«ተቀመጥ» አለችው ብሌን። «መጥተሃል፤ አልቅስ።»

ተቀመጠ። ነርሷ የብሌንን እጅ ይዛ አንባሩን አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ቦርሳዋን ሳትከፍት አስቀመጠችው። ቃል መተንፈስ የማይፈቀድለት ያዥ፣ ያ ክንደ ብርቱ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተንሰቀሰቀ።

ያን ጊዜ አራት ሰዓት ሆነ። ግድግዳው ጠራ።

ሁሉም ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሁለት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው እንደ ወትሮው ራሱ ተከፈተ።

«እማዬ! እንዴት አደርሽ?» አለ ድምፁ። ሳል አለው። ያችው የያፌት ሳል፣ መጨረሻዋ ላይ እንደ ሳቅ የምትሆነው። «ዝንጅብሉን ጠጣሁት እሺ? ምንድን ነው፣ ሰው በዝቶብሻል መሰለኝ?»

ብሌን ልቧ ወደ ድምፁ ሄደ። ምን ይደረግ፣ ሄደ። ዘጠኝ ዓመት የሄደበትን መንገድ ያውቀዋላ። ኤልዳና እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ልጄ» አለች።

«ውይ! ማን ሞቶ?»

ሶስና ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። ብሌን የተቆረጠ ፀጉሯን ከጭኗ ላይ አራገፈች፤ ድምጿን አስተካከለች፤ የመኝታ ሰዓቱ ላለፈበት ልጅ እንደምትናገር አድርጋ፣

«እሱማ በስልክ አይነገርም» አለችው። «ጠዋት ሰው ይላክልሃል። እስከዚያ ቁርስህን ብላ።»